የሶቪየት ተሽከርካሪ መድፍ፦ ብረቱ፣ ዓይኑና ጥይቱ

ተሽከርካሪ መድፍን ከታንክ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። ሁለቱም በሰንሰለት ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ብረት ለብሰዋል፣ ሁለቱም ረጅም አፈሙዝ አላቸው። ልዩነታቸው የሥራ ልዩነት ነው። ታንክ የሚያየውን ይመታል፤ መመታት እንደማይቀርለት ስለሚያውቅም ወፍራም ብረት ይለብሳል። የመድፍ ዋና ሥራ ግን ከጉብታ ጀርባ ሆኖ፣ ራሱ የማያየውን ዒላማ በሌላ ሰው ዓይንና በስሌት መምታት ነው። ያ መድፍ በመኪና መጎተቱ ቀርቶ ሞተርና ሰንሰለት ባለው አካል ላይ ሲጫን ተሽከርካሪ መድፍ ይባላል። ተኩሶ ወዲያው ቦታ ይለቅቃል፤ ታንኩን ተከትሎም ጭቃውንና ሜዳውን ያቋርጣል።

ሶቪየት ኅብረት ይህን መሣሪያ በሁለት የተለያዩ ዘመናት፣ በሁለት የተለያዩ አሳቦች ሠርታዋለች። የመጀመሪያው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ1967 በኋላ ያለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሁለተኛው ዘመን ልጆች ከዩክሬን እስከ ሶርያ፣ እስከ አፍሪካ ቀንድም ድረስ ዛሬም ይተኩሳሉ። ስለነሱ የሚጻፈው ግን አብዛኛው የቁጥር ውድድር ነው፦ ይህ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይመታል፣ ያኛው ይህን ያህል ቶን ይመዝናል። እኔ መጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ይህ መሣሪያ የሠራው መቼ ነው? ሳይሠራ የቀረውስ መቼ? የሰማንያ ዓመቱን ታሪክ አንድ ላይ ሲያዩት መልሱ ከብረቱ ይልቅ ከብረቱ ጀርባ ካሉት ሁለት ነገሮች ዘንድ ይገኛል፦ ዒላማውን ከሚያይለት ዓይንና ጥይቱን ከሚያመላልስለት የጭነት መኪና።

ከጦርነቱ በፊት ሶቪየቶች በታንክ አካል ላይ መድፍ የመጫን ሙከራ ብዙ ጊዜ አድርገዋል፤ በብዛት ተመርቶ ጦሩን ያስታጠቀ ግን አልነበረም። ጀርመን በሰኔ 1941 ስትወርር የቀይ ጦር መድፍ በፈረስና በትራክተር የሚጎተት ነበር። በመልሶ ማጥቃት ጊዜ ታንኮቹ መስመር ሰብረው ይገባሉ፤ መድፉ በበረዶና በጭቃ ተይዞ ኋላ ይቀራል፤ ከታንኩ ጋር የገባው እግረኛ ያለ መድፍ ድጋፍ ያልቃል። የመንግሥት መከላከያ ኮሚቴ በጥቅምት 1942 ተሽከርካሪ መድፍ በአስቸኳይ እንዲሠራ ያዘዘው ይህን ችግር አይቶ ነው።

ከዚያ ትእዛዝ ከተወለዱት ሁሉ በብዛት የተመረተው ኤስዩ-76 ነው። የቀላሉ ታንክ የቲ-70 አካል ረዘም ተደርጎ፣ ከኋላው ዚስ-3 የተባለው 76 ሚሊ ሜትር መድፍ ተቀመጠበት። የመጀመሪያዎቹ በ1943 መባቻ በቮልኾቭ ግንባር ሲሰለፉ ከጠላት ይልቅ የራሳቸው ማርሽ አስቸገራቸው። ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል እንዲዞሩ ታስቦ ነበር፤ እኩል አልዞሩም፣ ተሽከርካሪዎቹም በየመንገዱ ቆሙ። ምርቱ ተቋረጠ። ንድፍ አውጪው ሴምዮን ጊንዝቡርግ ከሥራው ተነሥቶ ወደ ግንባር ተላከ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። የተሻሻለው ሞዴል ሞተሮቹን አንዱን ከሌላው ኋላ በአንድ ዘንግ ላይ ደረደረ፤ የተዋጊዎቹን ክፍል ጣሪያም አነሣ።

ይህን መኪና ቀረብ ብለን እንየው፤ የሶቪየቶች አስተሳሰብ ከሱ ላይ ይነበባልና። አራት ሰው ይይዛል። ሾፌሩ ከፊት፣ ከሞተሮቹ አጠገብ በሙቀትና በቤንዚን ሽታ መካከል ብቻውን ይቀመጣል። አዛዡ፣ አነጣጣሪውና አጉራሹ ከመድፉ ኋላ ጣሪያ በሌለው ክፍል ውስጥ ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይዘረጋሉ። የጎኑ ብረት የጠመንጃ ጥይትና ፍንጣሪ ከማስቆም ብዙም አያልፍም፤ ከፎቅ መስኮት የተወረወረ የእጅ ቦምብ በቀጥታ ውስጡ ይወድቃል። ተዋጊዎቹ ራሳቸው በጸያፍ ቅጽል ይጠሩት ነበር። ቢሆንም የባሩዱ ጭስ ወዲያው ይወጣላቸዋል፣ ዙሪያቸውን ያያሉ፣ አጠገባቸው ካለው እግረኛ ጋር በጩኸት ይነጋገራሉ። እግረኛው «ያ መትረየስ፣ እዚያ ቤት ውስጥ!» ሲል አፈሙዙ ወዲያው ይዞራል። ማርሻል ሮኮሶቭስኪ በትዝታ መጽሐፋቸው እግረኛው ይህን ቀላል መኪና እንደወደደው የመሰከሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጦርነቱ ዘመን ከተመረቱት ከሃያ ሺህ በላይ የሶቪየት ተሽከርካሪ መድፎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እነዚህ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዳደራዊ ውሳኔ መታወስ አለበት፤ ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። በ1943 የጸደይ ወራት ተሽከርካሪ መድፍ ከመድፈኛው አዛዥ ሥር ወጥቶ በታንክና ሜካናይዝድ ጦር አዛዥ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ የሥልጠናው መንፈስ የታንከኛ ሆነ። ታንኮቹን በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ተከትለህ ሂድ፤ ታንኩን የሚያስቆመውን መድፍና ምሽግ በዓይንህ እያየህ ደምስስ። አሜሪካኖች ግን ፕሪስት ያሉትን መድፋቸውን ከኋላ አቁመው በራዲዮ እየመሩ ያልታየን ዒላማ ይደበድቡበት ነበር። ጀርመኖችም ቬስፔና ሁመል የተባሉ ተመሳሳይ መድፎች ነበሯቸው። ሶቪየቶች እስከ ጦርነቱ ማብቂያ በብዛት የሠሩት እንዲህ ያለ መድፍ አልነበራቸውም።

ይህ የእውቀት ማነስ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከኋላ ሆኖ በስሌት የሚተኩስ ተሽከርካሪ ባትሪ ከመድፉ በፊት ራዲዮ ይፈልጋል፤ ፊት ሆኖ የሚያርም የሠለጠነ መኮንንና እሱን የሚሸከም ተሽከርካሪም ይፈልጋል። በ1943 ቀይ ጦር ይህ ሁሉ ያጥረው ነበር። መድፉን ወደ ዒላማው ማቅረብ ግን ይችል ነበር። ስለዚህ የአነጣጣሪው ዓይን የቃኚውን ቦታ ተክቶ ሠራ። ዋጋው በሰው ሕይወት ተከፍሏል፤ የነበረው ምርጫ ግን ያ ነበር።

ከባዶቹም በዚሁ መንገድ ነው የተዋጉት። በቼልያቢንስክ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ናሙናው የተሠራው ኤስዩ-152፣ በኬቪ ከባድ ታንክ አካል ላይ 152 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሸከመ ነበር። በሐምሌ 1943 በኩርስክ የጀርመንን ከባድ ታንኮች በመምታቱ «አውሬ ገዳይ» የሚል ስም አወጡለት። በጊዜው ተመቱ የተባሉት ታንኮች ቁጥር ከጀርመኖቹ መዝገብ ጋር አይገጥምም፤ እዚያ ጦርነት ላይ የተሰለፉት ኤስዩ-152ዎችም ጥቂት ነበሩ። እውነተኛ ዋጋው የታየው በኋላ፣ በአይኤስ ታንክ አካል ላይ የተሠራው ተከታዩ አይኤስዩ-152 በኬኒግስበርግና በርሊን ጎዳናዎች ሲገባ ነው። ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝን አረር የድንጋይ ሕንፃን ጥግ ይዞ ይወርዳል። አረሩና ባሩዱ ተለያይተው የሚጎርሱ በመሆናቸው በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ይተኩሳል፤ የሚይዘውም ሃያ ያህል ጥይት ነው። ሃያው ሲያልቅ አምስቱ ሰዎች ያንን ሁሉ ብረት በእጃቸው ያስገባሉ። ታንክ ለመግደል የተሠሩት ኤስዩ-85ና ኤስዩ-100 የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ኤስዩ-100 በመጋቢት 1945 በሃንጋሪ በባላቶን ሐይቅ አካባቢ የጀርመንን የመጨረሻ ትልቅ ማጥቃት ለመስበር ረድቷል፤ በ1956 በግብፅ ጦር እጅ ፖርት ሰይድ ላይ ታይቷል። እነሱ ግን በሥራቸው ለታንክ የቀረቡ ናቸውና እዚሁ እተዋቸዋለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ዘመን ለመድፈኛው መልካም አልነበረም። የአገሪቱ መሪ ኒኪታ ክሩሽቾቭ የወደፊቱ ጦርነት የሚሳይል ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ መድፍ የትናንት መሣሪያ ተደርጎ ተቆጠረ። በኅዳር 1957 በቀይ አደባባይ ሰልፍ ላይ ሁለት ግዙፎች ታይተዋል፤ 406 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሸከመው ኮንደንሳቶርና ኦካ የተባለው 420 ሚሊ ሜትር ሞርታር። የኑክሌር አረር እንዲተኩሱ የታሰቡ ነበሩ። ኦካ ግፊቱን የሚመጥጥ መሣሪያ ስላልነበረው በተኮሰ ቁጥር ከነሙሉ አካሉ ወደኋላ ይንሸራተት፣ የገዛ ማርሹንም ይሰብር ነበር። ጥቂት ብቻ ተሠርተው ቀሩ። ከነሱ በቀር በዚያ ዘመን የሚጠቀሰው ለአየር ወለድ የተሠሩት ቀላሎቹ ኤኤስዩ-57ና ኤኤስዩ-85 ናቸው። ምዕራባውያን በዚያው ጊዜ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ አሜሪካ በ1963 ኤም109ን አስታጠቀች። ጣሪያውና ቱሬቱ (መድፉን ይዞ የሚዞረው ክፍል) የተዘጋ፣ ከታንክ ጋር የሚሄድ፣ ከኋላ ሆኖ የሚተኩስ ተሽከርካሪ መድፍ ነበር።

ክሩሽቾቭ በጥቅምት 1964 ከሥልጣን ወረዱ፤ በሐምሌ 1967 ደግሞ የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴና የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ የተሽከርካሪ መድፍ ትውልድ እንዲሠራ ወሰኑ። አዲሱን ትውልድ ያስገደደው የኑክሌር ጦርነት አሳብ ነው። በጨረር በተበከለ ምድር ላይ ጣሪያ የሌለው ኤስዩ-76 መቃብር ነው፤ ተጎታች መድፍም ተዋጊው ከቤት ውጭ ቆሞ የሚያጎርሰው ነው። የታዘዘው የተዘጋ፣ አየሩን አጣርቶ የሚያስገባ፣ ከታንክ ክፍሎች ጋር በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መድፍ ነበር። ንድፍ አውጪዎቹ አብዛኞቹን በአበባ ስም ጠሯቸው፤ ግቮዝዲካ፣ አካትሲያ፣ ትዩልፓን፣ ጊያትሲንት፣ ፒዮን።

ከነዚህ ሁለቱ የጦሩ የዕለት እንጀራ ሆኑ። 2ኤስ1 ግቮዝዲካ በካርኮቭ የትራክተር ፋብሪካ የተሠራ፣ 16 ቶን ያህል የሚመዝን፣ 122 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሸከመ ነው። 15 ኪሎ ሜትር ይመታል፤ ወንዝ ሲያገኝ ድልድይ አይጠብቅም፣ ይዋኛል። ፖላንድና ቡልጋሪያም አምርተውታል። የሞተረኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሬጅመንት አሥራ ስምንት ግቮዝዲካ ያለው ሻለቃ ይመደብለት ነበር። 2ኤስ3 አካትሲያ በስቨርድሎቭስክ በጆርጂ ኤፊሞቭ መሪነት የተነደፈ ሲሆን 27 ቶን ያህል ይመዝናል፣ 152 ሚሊ ሜትር አረሩን ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ይልካል። ይህ የክፍለ ጦሩ መድፍ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታዩ ሁለቱም ከምዕራባውያን አቻዎቻቸው የሚያንሱ አይደሉም፤ የጊዜው ኤም109 በርቀት ከአካትሲያ ያንስ ነበር።

መድፎቹን ብቻ የሚያይ ሰው ግን ሶቪየቶች በ1970ዎቹ የሠሩትን ትልቁን ነገር ያልፈዋል። ከመድፎቹ ጋር «ማሺና» የተባለ የአዛዥ ተሽከርካሪዎች ስብስብ አብሮ ተሠራ። አንዱ ከባትሪው ጋር ሆኖ የተኩሱን ስሌት ያወጣል፤ አንዱ የባትሪውን አዛዥ ፊት ወዳለው የምልከታ ቦታ ይወስዳል፤ አንዱ የሻለቃውን አዛዥ፣ አንዱ ኤታማዦሩን ይይዛል። ርቀት መለኪያ፣ የአቅጣጫ መሣሪያ፣ ራዲዮ፣ ካርታ ጠረጴዛ ሁሉ በውስጣቸው ነበር። ከነሱ ጋር የጠላትን ተሽከርካሪ የሚያዩ፣ የጠላትን አረር ተከትለው መድፉ ያለበትን የሚያገኙ ራዳሮች መጡ። በ1943 የጎደለው ዓይን በ1975 ተገኘ ማለት ነው። አንድ አገር ከሞስኮ መድፍ ሲገዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው መድፉን ነው፤ ስብስቡን ሙሉ የገዛና ሰው ያሠለጠነበት ጥቂት ነው። በኋላ ስለ ኢራቅ ስናወራ ይህን እናስታውስ።

ሁለተኛው የማይታይ ነገር ጥይት ነው። በሶቪየት መመዘኛ ለአንድ 152 ሚሊ ሜትር መድፍ አንድ «ሙሉ ጭነት» 60 ጥይት ነው። የአንዱ አረር ክብደት 43.5 ኪሎ ግራም ያህል። አሥራ ስምንት መድፍ ያለው ሻለቃ አንድ ሙሉ ጭነት ተኮሰ ማለት 1,080 አረር፣ በአረር ብቻ 47 ቶን ወረወረ ማለት ነው። ባሩዱ፣ ቀለሃውና ሣጥኑ ሲጨመር ክብደቱ በእጅጉ ይበልጣል። በከባድ ውጊያ ይህ የአንድ ቀን ተኩስ ነው፤ ማታ በጭነት መኪና ተመልሶ መምጣት አለበት፤ ነገ እንደገና። መድፉ ብረት ለብሷል፤ መኪናው ብረት አልለበሰም። ከባቡር ጣቢያ ራቅ ባለ ቁጥር የሶቪየት መድፍ ኃይል የሚቀንሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ፒዮን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። 2ኤስ7 ፒዮን በሌኒንግራድ በኪሮቭ ፋብሪካ የተሠራ፣ 46 ቶን ያህል የሚመዝን፣ 203 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሸከመ ግዙፍ ነው። ቱሬት የለውም፤ መድፉ ከኋላ ሜዳ ላይ እንደቆመ ነው፣ ሰዎቹም ሲተኩሱ ውጭ ናቸው። ከመተኮሱ በፊት ከኋላ ያለው ትልቅ አካፋ መሬት ውስጥ ይቀበራል። 110 ኪሎ የሚመዝነውን አረር ሰው በክንዱ አያነሣውም፤ በትንሽ የእጅ ጋሪ እየተገፋ ይመጣና በማንሻ ወደ አፈሙዙ ኋላ ይወጣል። ተዋጊው ጆሮውን እንዲሸፍን ሳይረን ይጮኻል። የተኩሱ የአየር ግፊት አጠገቡ ያለውን ሰው ሊጥል የሚችል ነው። በራሱ ላይ የሚይዘው አራት ጥይት ብቻ ነበር፤ ማልካ የተባለው የ1980ዎቹ ማሻሻያ ስምንት አደረሰው። ያለ ሮኬት እገዛ 37.5 ኪሎ ሜትር ይመታል። ዋና ዓላማው የኑክሌር አረር ነበር። ይህ መድፍ ያለ ጥይት መኪናው አንድ ሰዓት እንኳ መዋጋት አይችልም።

ታዲያ ከነዚህ መድፎች ብዙዎቹ ለአውሮፓ ሜዳ፣ ለትልቅ ጦር ተሠርተው የመጀመሪያ ጦርነታቸውን ያገኙት በአፍጋኒስታን ተራራ ነው። ከታኅሣሥ 1979 እስከ የካቲት 1989 በቆየው ጦርነት የሶቪየት መድፈኞች የተማሩት ሥርዓት አልሠራላቸውም። መጽሐፉ የሚለው «ይህን ያህል ሄክታር ለመደምሰስ ይህን ያህል አረር» ነበር። ሙጃሂዱ ግን ሄክታር አይዝም፤ ገደል ሥር ነው፣ ዋሻ ውስጥ ነው፣ በሌሊት ይንቀሳቀሳል። አረሩ ተራራውን አልፎ ከወዲያ ጥግ መውረድ ያቅተዋል። በዚያ ላይ ሻለቃው ተበትኖ፣ ሁለት ሁለት መድፍ በየጥበቃ ጣቢያው ተቀመጠ፤ በኮንቮይ መካከልም እየገባ ከመንገድ ዳር በቀጥታ ወደ ገደሉ ተኮሰ። በሌላ አነጋገር ወደ ኤስዩ-76 ዘመን ተመለሱ። በዚያ ጦርነት የተመሰገኑት ሌሎች ናቸው። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ እስከ 80 ዲግሪ የሚተኩሰው የአየር ወለዱ 120 ሚሊ ሜትር 2ኤስ9 ኖና አንዱ ነው። በሌዘር የሚመራ ቦምብ የተሰጠው 240 ሚሊ ሜትር ሞርታር 2ኤስ4 ትዩልፓን ሌላው። ትዩልፓን አንድ የዋሻ ምሽግ በጥቂት ቦምብ መዝጋት የቻለው ቦምቡ 130 ኪሎ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ዒላማውን በሌዘር የሚያበራ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦለት ስለነበር ነው።

በ1991 በኩዌትና በደቡብ ኢራቅ የታየው የዚህ ግልባጭ ነው። የኢራቅ ጦር ግቮዝዲካና አካትሲያ ነበረው፤ ከሌሎች አገሮች የገዛቸው መድፎች ደግሞ በርቀት ከአሜሪካኖቹ ይበልጡ ነበር። ከኢራን ጋር በተዋጋባቸው ስምንት ዓመታት መድፈኞቹ ብዙ ተኩሰዋል። ሆኖም የተኮሱት አስቀድሞ በተለካ ቦታ ላይ፣ ባልተንቀሳቀሰ ግንባር ነበር። ቃኚዎቻቸውና መገናኛቸው በአየር ድብደባ ሲጠፉ፣ በአሜሪካ የሚመራው ጥምር ጦር ደግሞ በማይቆም ፍጥነት ሲንቀሳቀስ፣ መድፎቹ የሚተኩሱበትን የሚነግራቸው ጠፋ። በተኮሱ ጊዜም አሜሪካኖቹ አረሩን በራዳር ተከትለው በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ሰጡ። ቦታ ለመቀየር የተሠራው መድፍ በተቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ ተመታ። የሶቪየት መሣሪያ ደካማ ነው ለሚሉ ይህ ጦርነት ዋና ማስረጃቸው ነው፤ ለእኔ ግን ማስረጃነቱ ዓይን ስለሌለው መድፍ ነው።

በቼችንያ ዋና ከተማ በግሮዝኒ የሆነው ከሁሉ ይከብዳል። በ1994 መጨረሻና በ1995 መጀመሪያ፣ ከዚያም በ1999 እና 2000 የሩሲያ ጦር በራሱ አገር ከተማ ላይ አካትሲያንና ትዩልፓንን አዞረ። በታንክ የገባው ጦር በጎዳናው ላይ ከተደመሰሰ በኋላ የተወሰደው ዘዴ ከሩቅ እየደበደቡ ብሎክ በብሎክ መቅረብ ነበር። በምድር ቤት ተሸሽገው የቀሩት አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና መሄጃ ያጡ ሰዎች ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠር ሰላማዊ ሰው አለቀ። ይህ መሣሪያ የሚያየውን ብቻ እንዲመታ የሚያስገድደው ሰው ከሌለ፣ ከተማን ለማፍረስ ከሱ የሚመች መሣሪያ የለም። ስለ መድፍ በአድናቆት የሚጽፍ ሁሉ ይህን አብሮ መጻፍ ግዴታው ይመስለኛል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የደርግ ዘመን ሠራዊት የመድፍ ጉልበት በዋናነት ተጎታች ነበር፤ 130 ሚሊ ሜትሩ ኤም-46፣ 122 ሚሊ ሜትሩ ዲ-30። ወታደሩ ሁሉ «ቢኤም» ብሎ የሚያውቀው በመኪና የተጫነው ሮኬትም ነበር። ተሽከርካሪ መድፍ በታሪካችን ጎልቶ የሚነሣው ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የኦጋዴን ጦርነት ላይ ነው። ሶቪየት ኅብረት በኅዳር 1977 በጀመረችው የአየር መጓጓዣ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ስታጎርፍ፣ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ የዘመቻ ዕቅዱን ለማማከር መጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጂጂጋ ነፃ ከመውጣቷ በፊት፣ ካራማራን ፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ በጎን ዞሮ የመግባት ዘዴ ተያዘ። ሚ-6 የተባሉት ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን ከተራራው ጀርባ አሳርፈዋል። ከነሱ መካከል ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአየር ወለዱ ኤኤስዩ-57 እንደነበረበት የውጭ ወታደራዊ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሦስት ቶን ተኩል ያህል የምትመዝን፣ ጣሪያ የሌላት፣ በሶቪየት ጦር ዘንድ ዘመኗ ያለፈ መኪና ናት። በዚያ ቦታ ግን ጥቅሟ ቅለቷ ነበር፤ ከባድ ተሽከርካሪ መድፍ በሰማይ መሻገር በማይችልበት ስፍራ ተሻግራለች።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሁለቱም ወገኖች የሶቪየት ተሽከርካሪ መድፍ ባለቤት ሆኑ። ለንደን የሚታተመው «ሚሊተሪ ባላንስ» ኢትዮጵያን ከጥቂት 2ኤስ19 ምስታዎች ጋር፣ ኤርትራን ከግቮዝዲካና ከጊያትሲንት ጋር ይመዘግባቸዋል። ምስታ የሶቪየት ዘመን የመጨረሻው ልጅ ነው፤ በ1989 የታጠቀ፣ 42 ቶን የሚመዝን፣ 50 ጥይት የሚይዝ፣ 24 ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላይ የሚመታ። እነዚህ መድፎች በምሽግና በቦይ በተቆፈረው በዚያ ግንባር ምን ሠሩ፣ ማን አነጣጠረላቸው፣ ጥይት በዚያ መንገድ እንዴት ደረሰላቸው የሚለውን ግን በአማርኛ ተጽፎ አላነበብሁም።

ዩክሬን ላይ ከየካቲት 2022 ጀምሮ የሚደረገው ጦርነት ለዚህ ሁሉ ጥያቄ ትልቁ ፈተና ሆኗል፤ ሁለቱም ወገኖች ያንኑ መድፍ ይዘው ገጥመዋልና። ሰዉ ያወራ የነበረው ስለ ፀረ ታንክ ሚሳይል ነው። በለንደን የሚገኘው የሩሲ ተቋም ተመራማሪዎች ግን የኪየቭን መከበብ ያከሸፈው በዋናነት የሁለት መድፈኛ ብርጌዶች የተሰበሰበ ተኩስ እንደነበር ጽፈዋል። በግንቦት 2022 በቢሎሆሪቭካ የሲቨርስኪ ዶኔትስን ወንዝ ለመሻገር የሞከረ የሩሲያ ጦር በመድፍ ተደምስሷል። በነዚህ ውጊያዎች የዩክሬን ጦር ይዞት የነበረው ከሩሲያ የተሻለ ብረት አልነበረም። የነበረው ከድሮን ቃኚ እስከ መድፍ አዛዡ ታብሌት ድረስ የተያያዘ መረጃ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ ጥይት። በሰኔ 2022 የዩክሬን ባለሥልጣናት በቀን ከ5 እስከ 6 ሺህ አረር እንደሚተኩሱና የ152 ሚሊ ሜትር ክምችታቸው እያለቀ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ያንን ጥይት የሚሠሩት አገሮች ጥቂት ናቸው፣ ትልቋም ሩሲያ ናት። አካትሲያና ምስታ ሞተራቸው እየሠራ፣ አፈሙዛቸው ደህና ሆኖ፣ በጥይት እጦት የቆሙበት ጊዜ ነበር። የፒዮን ነገር ደግሞ ይገርማል። አሜሪካ ለራሷ 203 ሚሊ ሜትር መድፎች ሠርታ ያከማቸችው አሮጌ አረር ዲያሜትሩ አንድ በመሆኑ፣ ዩክሬናውያን ከ2023 ጀምሮ በሶቪየቱ መድፍ ተኮሱት። ለቀዝቃዛው ጦርነት ለሁለቱ ጎራዎች የተሠሩ መድፍና አረር እንዲህ ተገናኙ። ሩሲያም የራሷ ችግር አለባት፤ በብዙ ተኩስ የተበላውን አፈሙዝ ለመተካት ከአሮጌ ተጎታች መድፎች ላይ አፈሙዝ እያወጣች ትገጥማለች።

ድሮን ከበዛ ወዲህ የተሽከርካሪ መድፍ የመኖር ምክንያቱ ራሱ ለጥያቄ ቀርቧል። ተኩሶ መሄድ የተፈለሰፈው ከአጸፋ መድፍ ለማምለጥ ነው፤ ላንሴት የተባለው ድሮን ግን የሚሄደውንም ይከተላል። መድፎቹ አሁን አንድ አንድ ሆነው በዛፍ ሥር ተሸሽገው፣ በመረብ ተሸፍነው፣ ጥቂት ተኩሰው ይደበቃሉ። በዚህ የተነሣ ለመደበቅ የሚቀለው ተጎታች መድፍ ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች ተነሥተዋል። ሌሎቹ ደግሞ በጎማ የሚሄደውንና በመንገድ ላይ ፈጣን የሆነውን ይመርጣሉ፤ ሩሲያ ራሷ ማልቫ የተባለ የጎማ መድፍ አሰልፋለች። የኔ ፍርድ የግቮዝዲካ ዘመን እያለፈ ነው የሚል ነው። 15 ኪሎ ሜትር የሚመታ መድፍ ዛሬ ከድሮን አብራሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚተኩሰው፤ ብረቱም ፍንጣሪ ከማስቆም አያልፍም። አካትሲያና ምስታ ግን የሚያይላቸውና የሚያቀብላቸው እስካለ ገና ብዙ ዓመት ይቆያሉ። ያንን የማይገዛ አገር መድፍ ባይገዛ ገንዘቡን ያተርፋል፤ የልጆቹንም ሕይወት።

አንድ ልመና ግን አለኝ። ስለ ካራማራው የሄሊኮፕተር ዝውውር የምናውቀው አብዛኛው ከውጭ ጸሐፊዎች ነው፤ ስለ 1990ዎቹ ምስታም እንዲሁ። በዚያ ጊዜ ከመድፉ ኋላ የቆማችሁ፣ አነጣጣሪና አጉራሽ የነበራችሁ፣ ጥይት በኡራል መኪና ጭናችሁ ተራራ ያሻገራችሁ፣ ፊት ሆናችሁ በራዲዮ ያረማችሁ ወንድሞችና እኅቶች ገና በሕይወት አላችሁ። የምታስታውሱትን ጻፉት፤ መጻፍ ባይመቻችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩና ይቅረጹት።